ብርሃን ቆጥሮ ውሃ ማጽዳት፦ ናኖ ቅንጣቶች በጣና ዳር

በአንዱ ብርጭቆ ሰማያዊ ውሃ፣ በቀጣዩ ፈዘዝ ያለ፣ በመጨረሻው ጥርት ያለ። ስለ ናኖ ቴክኖሎጂና ውሃ ማጽዳት የሚቀርብ ገለጻ ይህን ፎቶ አያጣም። ፎቶው ውሸት የለበትም። ብርሃን ሲያርፍበት ብክለትን የሚያቃጥል ጥቂት ነጭ ዱቄት፣ ለምሳሌ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ጨምራችሁ ፀሐይ ላይ ብታስቀምጡት ሜቲሊን ብሉ የተባለው ማቅለሚያ በእርግጥ ይጠራል። ነገር ግን ብርጭቆው ውስጥ ያለው የተጣራ ውሃ ነው። ክረምት ላይ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ ደለል ጭነው የሚገቡበት ጣና እንዲህ አይደለም፤ ከጨርቅ ማቅለሚያ የሚወጣ ፍሳሽም እንዲህ አይደለም፤ ባሕር ዳር ውስጥ ከላቫጆ ሳሙናና ዘይት ይዞ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ቦይማ ጨርሶ አይመስለውም።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ቴክኖሎጂው ይሠራል፤ ቦታው ግን የማጣራት ሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ነው። የት እንደሚገባ የሚወስነውም የዱቄቱ ስም ሳይሆን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚወርደው ብርሃን ነው። ብዙዎቻችን ስለ ቁሱ አሠራር ገጽ ሙሉ ጽፈን ስለ ብርሃኑ አንድ መስመር እናልፋለን። እዚህ ሚዛኑን ለመገልበጥ እሞክራለሁ።

ዱቄቱ ምን ያደርጋል

ዱቄቱ ሴሚኮንዳክተር የሚባል ቁስ ነው፤ በቂ ኃይል ያለው ብርሃን ሲያርፍበት አንድ ኤሌክትሮን ከታችኛው የኃይል እርከን ወደ ላይኛው ይዘላል፤ በነበረበት ቦታ አዎንታዊ ቻርጅ ያለው ቀዳዳ ይቀራል። ቀዳዳው ከውሃ ወይም ከሃይድሮክሳይድ ኤሌክትሮን ነጥቆ ሃይድሮክሲል ራዲካል ይፈጥራል፤ ይህ ራዲካል ያገኘውን ኦርጋኒክ ነገር ሁሉ የሚያጠቃ፣ ምርጫ የማያውቅ ኦክሲዳይዘር (ያለ እሳት የሚያቃጥል ነገር) ነው። ወደ ላይ የዘለለው ኤሌክትሮን ደግሞ በውሃው ውስጥ ከሟሟ ኦክስጅን ጋር ይያያዛል። ኦክስጅን ከሌለ ኤሌክትሮኑ ተመልሶ ቀዳዳው ውስጥ ይወድቃል፤ ብርሃኑም ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክናል። ኦክስጅን ባለበትም ቢሆን አብዛኞቹ ጥንዶች እርስ በርስ እየተጠፋፉ ያልቃሉ።

የመነሻው ታሪክ የታወቀ ነው። ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ ጃፓናውያን በ1972 (እ.ኤ.አ.) በታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ኤሌክትሮድ ላይ ብርሃን አሳርፈው ውሃ መሰንጠቅ እንደሚቻል አሳተሙ። በ1977 ፍራንክና ባርድ በዚሁ ቁስ ውሃ ውስጥ ያለ ሲያናይድ እንደሚጠፋ አሳዩ። ውሃ የማጽዳቱ ሐሳብ ከዚያ ወዲህ እየሰፋ ሄደ።

ናኖ መሆኑ፣ ማለትም ቅንጣቱ በናኖሜትር (በሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ) የሚለካ መሆኑ፣ የሚጠቅመው በዋናነት ለገጽ ስፋት ነው። 20 ናኖሜትር ስፋት ያለው የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ቅንጣት፣ ሉል ነው ብለን ብናሰላ፣ በአንድ ግራም ወደ 77 ካሬ ሜትር ገጽ ይሰጣል፤ አንድ ማይክሮሜትር የሆነው ግን 1.5 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። በተጨማሪም ኤሌክትሮኑና ቀዳዳው ከተፈጠሩበት እስከ ገጹ የሚጓዙት መንገድ ያጥራል፤ ሳይጠፋፉ የመድረስ ዕድላቸው ይጨምራል።

የትኛው ቁስ የትኛውን ብርሃን ይጠቀማል ለሚለው 1240ን ለባንድ ጋፑ (ኤሌክትሮኑ ለመዝለል ለሚያስፈልገው ኃይል፣ በኤሌክትሮን ቮልት) ማካፈል ይበቃል፤ ውጤቱ በናኖሜትር ነው። አናታዝ የሚባለው የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ዓይነት 3.2 ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ስለዚህ ከ387 ናኖሜትር በታች ያለውን ብቻ ይውጣል። ሩታይል 3.0 ነው፣ 413 ናኖሜትር። ዚንክ ኦክሳይድ ከአናታዝ ብዙ አይርቅም። ካድሚየም ሰልፋይድ 2.4 ስለሆነ እስከ 517 ናኖሜትር ያለውን የሚታይ ብርሃን ይወስዳል። በወረቀት ላይ ያማረ ነው፤ ግን ብርሃን ሲያገኝ ራሱ ይሟሟና ካድሚየም ውሃው ውስጥ ይለቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው የካድሚየም መጠን በሊትር 0.003 ሚሊግራም ነው። ቆሮሶና አምባዛ የሚበላ ሕዝብ ባለበት ሐይቅ አጠገብ ይህን ቁስ ለውሃ ማጽጃ ማሰብ ለእኔ ከጨዋታ ውጭ ነው።

ሒሳቡ

ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ አልትራቫዮሌት የሆነው ከ4 እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው። ባሕር ዳር በ1800 ሜትር ከፍታ ገደማና ከምድር ወገብ በሰሜን 11.6 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ከብዙ ከተሞች የተሻለ ድርሻ አላት። ጥርት ባለ ቀን ከጠዋቱ ሦስት እስከ ከሰዓት ዘጠኝ ድረስ በአማካይ በካሬ ሜትር 30 ዋት አልትራቫዮሌት አለ ብለን እንነሳ። ስድስት ሰዓት ሲባዛ 648 ኪሎ ጁል ይሆናል። በ365 ናኖሜትር የአንድ ሞል ፎቶን (ፎቶን የብርሃን ቅንጣት፣ ሞል የቅንጣቶች መቁጠሪያ ነው) ኃይል 327 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። ስለዚህ በቀን፣ በካሬ ሜትር፣ ሁለት ሞል ፎቶን። በቃ፣ ያለን ይህ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ሥራ የሚሠሩት 5 በመቶ ናቸው ብንል፣ ይህ ደግሞ ለእውነተኛ ፍሳሽ ቸርነት ነው፣ 0.1 ሞል ኤሌክትሮን እናገኛለን። አንድ ግራም ሲኦዲ (ሲኦዲ ብክለቱን ለማቃጠል በሚያስፈልገው ኦክስጅን የሚለካ የብክለት መጠን ነው) ለማቃጠል 0.125 ሞል ኤሌክትሮን ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ ካሬ ሜትር በቀን 0.8 ግራም ሲኦዲ ያጠፋል ማለት ነው። በሊትር 1000 ሚሊግራም ሲኦዲ ያለው ጥሬ የማቅለሚያ ፍሳሽ ከሆነ፣ አንድ ካሬ ሜትር በቀን አንድ ሊትር እንኳ አይጨርስም። ፍሳሹ አስቀድሞ በባክቴሪያ ታክሞ የቀረውን 50 ሚሊግራም ብቻ ማንሳት ከሆነ ሥራችን፣ በቀን 16 ሊትር በካሬ ሜትር እንደርሳለን። በቀን 100 ሜትር ኩብ ለሚያወጣ ተቋም 6250 ካሬ ሜትር ይፈልጋል፤ ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ብዙም አያንስም።

ይህን ስሌት ያልሠራ ሰው ካርቦን፣ ብር ወይም ናይትሮጅን ጨምሮ «ሦስት እጥፍ ፈጠነ» ሲል ደስ ይለዋል። ሦስት እጥፍም ቢሆን ጥሬ ፍሳሽ ላይ በቀን ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ነው። ጥሬ ፍሳሽ የባክቴሪያና የአየር መንፊያ ሥራ ነው። ባክቴሪያ በነጻ ይራባል፤ ፎቶን አይራባም።

በኦክስጅን በኩልም ያው ጠባብ በር አለ። በባሕር ዳር ከፍታ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በሊትር 7 ሚሊግራም አይሞላም፤ ባሕር ወለል ላይ ቢሆን ከ8 በላይ ነበር። የ1000 ሚሊግራም ሲኦዲን ማቃጠል ይህን ኦክስጅን መቶ ሃምሳ ጊዜ ያህል መልሶ መሙላት ማለት ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ የተኛ ገንዳ አይሆንም፤ ወይ አየር ይነፋበታል፣ ወይ ውሃው በደረጃ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል።

ወቅቱም ቀልድ ያውቃል። ፀሐይ በባሕር ዳር አናት ላይ ቀጥ ብላ የምትቆመው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሚያዝያ 12 አካባቢና ነሐሴ 17 አካባቢ። ሁለተኛው የክረምቱ እንብርት ነው፤ ደመናው ከላይ፣ ደለሉ ከታች። ፓነሎቹን፣ ማለትም ዱቄቱ የተለጠፈባቸውን መስታወቶች፣ ዓመቱን ሙሉ ወደ ደቡብ 12 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ መትከል ጥሩ መካከለኛ ነው፤ ዝናብም አቧራውን ያጥብላቸዋል።

መሥራት፦ የዚንክ ኦክሳይድ ዘንጎች በመስታወት ላይ

ለመማሪያ ከሁሉ የምመርጠው ይህን ነው፤ ብዙ ዕቃ አይጠይቅም፣ ዱቄት ውሃ ውስጥ አይበተንም፣ የተሳሳተው ነገርም ቶሎ ይታያል።

መጀመሪያ ዘር ማብቀያ ይደረጋል። 0.11 ግራም ዚንክ አሲቴት ዳይሃይድሬት በ100 ሚሊሊትር ንጹሕ ኢታኖል ውስጥ ይሟሟል። መስታወቱ በሳሙና፣ በተጣራ ውሃ፣ በኢታኖል ታጥቦ ይደርቃል። ፈሳሹን በጠብታ አፍስሶ ገጹን ማልበስ፣ አሥር ሰከንድ ያህል መጠበቅ፣ በኢታኖል ማለቅለቅ፣ ማድረቅ፤ ይህ አምስት ጊዜ ይደጋገማል። ከዚያ 350 ዲግሪ ላይ 20 ደቂቃ ይጋገራል። ኢታኖሉ ውሃ የገባበት ከሆነ ሽፋኑ ነጠብጣብ ይሆናል፤ ኋላ ዘንጎቹም በደሴት በደሴት ይበቅላሉ። ፋርማሲ የሚሸጠው አልኮል ለዚህ አይሆንም።

ማሳደጊያው በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ 7.44 ግራም ዚንክ ናይትሬት ሄክሳሃይድሬትና 3.5 ግራም ሄክሳሜቲሊንቴትራሚን ነው፤ ሁለቱም 25 ሚሊሞላር ይሆናሉ። ሁለቱ ለየብቻ ተሟሙተው ይቀላቀላሉ። መስታወቱ ዘር ያለበት ፊት ወደ ታች ተደርጎ በዘንበልታ ይገባል። ወደ ላይ ከሆነ በፈሳሹ መሀል የሚፈጠረው ዱቄት ይዘንብበትና ዘንጎቹን ይቀብራቸዋል፤ ብዙ «አልበቀለም» የሚባል ሙከራ ምክንያቱ ይኸው ነው። ጠርሙሱ ክዳኑ ተጠምዝዞ 90 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይቆያል። የሌሎች አገር መመሪያዎች 95 ዲግሪ ሲሉ ባሕር ዳር ላይ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ አይርሱ፤ ክፍት ቢከር በሞቀ ውሃ ገንዳ ውስጥ አስቀምጦ የሚሠራ ሰው ሊፈላ ጫፍ የደረሰ፣ አረፋ የሚተፋ ፈሳሽ ነው የሚያገኘው፤ አረፋውም ገጹ ላይ ተጣብቆ ክብ ክብ ባዶ ቦታ ያስቀራል። ሄክሳሚኑ ሲፈርስ አሞኒያና ፎርማልዲሃይድ ስለሚወጣ ጠርሙሱ ከቀዘቀዘ በኋላ አየር ባለበት ይከፈት።

ሲወጣ በተጣራ ውሃ ይለቃለቃል፣ 350 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት ይጋገራል። ደረጃውን የጠበቀ ሽፋን ወጥ የሆነ ወተት መሳይ ነጭ ነው። በኤክስሬይ ዲፍራክሽን 31.8፣ 34.4 እና 36.3 ዲግሪ ላይ ሦስቱ የዚንክ ኦክሳይድ ጫፎች ይታያሉ፤ ዘንጎቹ ቀጥ ብለው ከቆሙ የ34.4ቱ ከሌሎቹ አልቆ ይወጣል። መሣሪያው ለሌለው ደግሞ ሚዛንና የማጣበቂያ ፕላስተር ይበቃሉ። መስታወቱን መዝኑ፣ ፕላስተር ለጥፋችሁ ላጡት፣ እንደገና መዝኑ። ፕላስተሩ ነጭ ይዞ ከመጣ ውሃውም ይዞት ይሄዳል።

ዚንክ ኦክሳይድ ግን ለትምህርት እንጂ ለዘላቂ ሥራ አይደለም። ከፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 6 በታች ይሟሟል፣ በጣም በበረታ አልካላይም ይሟሟል፣ ብርሃን ላይ ሲቆይ ደግሞ በራሱ ቀዳዳ ራሱን ይበላል። የሚወጣው ዚንክ ለሰው በሊትር 3 ሚሊግራም ካለፈ የውሃውን ጣዕም ያበላሻል፤ ዓሣ ግን ከዚያ በእጅጉ ባነሰ መጠን ይጎዳል። የጣናን ዓሣ የሚነካ ነገር ሁሉ ከታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ይሠራ የምለው ለዚህ ነው።

ታይታኒየሙን ገዝቶ መለጠፍ ከማምረት ይቀላል። ንግድ ላይ ፒ25 ተብሎ የሚታወቀው ዱቄት 80 በመቶ ገደማ አናታዝ፣ ቀሪው ሩታይል ሲሆን በግራም 50 ካሬ ሜትር ገጽ አለው። ከቀለም መሸጫ በርካሽ የሚገኘው ነጭ ታይታኒየም ግን አይሆንም። እሱ ሩታይል ነው፣ ቅንጣቱ ከ200 ናኖሜትር በላይ ነው፣ ከሁሉም በላይ የግድግዳ ቀለሙን ፀሐይ ላይ እንዳይበላው ሆን ተብሎ በአሉሚናና በሲሊካ ተሸፍኗል። ማለትም እኛ የምንፈልገውን ባሕርይ ለማጥፋት ተብሎ የተሠራ ዕቃ ነው።

ለመለጠፍ አራት ግራም ፒ25 በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ በአልትራሳውንድ ይበተናል። መስታወቱ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከራል፤ ለስላሳ መስታወት አይዝም። ፈሳሹ ይፈስበታል፣ 100 ዲግሪ ላይ ይደርቃል፣ 475 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ይጋገራል፣ በካሬ ሴንቲሜትር ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊግራም እስኪደርስ ይደጋገማል። ከዚያ በላይ ማወፈር ትርፉ መሰንጠቅ ነው፤ ብርሃኑ የላይኛውን ንብርብር አያልፍም። ተራ የመስኮት መስታወት ውስጥ ያለው ሶዲየም በጋገራ ጊዜ ወደ ሽፋኑ ዘልቆ ቅልጥፍናውን ይቀንሳል፤ ቦሮሲሊኬት ካለ እሱን፣ ከሌለ በቅድሚያ ስስ የሲሊካ ሽፋን መስጠት ይረዳል። ፑሚስ ድንጋይ ላይ መለጠፍ በአገራችን የሚወደድ ሐሳብ ነው፣ ድንጋዩ ርካሽ ስለሆነ። ነገር ግን በፑሚሱ ጉድጓዶች ውስጥ የገባው ቅንጣት ብርሃን አያይም፤ በግራም የተለካው ትልቅ ገጽ ጨለማ ውስጥ ያለ ገጽ ነው።

ለምን ዱቄቱን በቀጥታ ውሃው ውስጥ አንበትነውም? በሊትር ከግማሽ እስከ አንድ ግራም በመበተን ከመስታወቱ ፈጣን ውጤት ይገኛል፤ ላቦራቶሪዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው። ችግሩ መልሶ ማውጣቱ ነው። አንድ ለአንድ የተለያየ 20 ናኖሜትር ቅንጣት በክብደቱ በቀን የሚሰምጠው 0.05 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የውሃው ሙቀት ብቻ ተንሳፋፊ ያደርገዋል። ፒኤቹን ወደ 6.5 ገደማ ካመጡት ቅንጣቶቹ ቻርጃቸውን አጥተው ይጓጉላሉ፤ አብዛኛው አንድ ሌሊት ተኝቶ ያድራል፤ ሁሉም ግን አይደለም።

በሚታይ ብርሃን የሚሠራ ነገር ለሚፈልግ ካርቦን ናይትራይድ አለ፤ ባንድ ጋፑ 2.7፣ እስከ 460 ናኖሜትር። የሚሠራው ገበሬው ከሚያውቀው ዩሪያ ነው፦ ክዳን ባለው ክሩሲብል፣ በደቂቃ 5 ዲግሪ እየጨመረ፣ 550 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት። ምርቱ ከዩሪያው ክብደት ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረው አሞኒያና ሌላ ጋዝ ሆኖ ስለሚሄድ ፈርነሱ የጭስ መሳቢያ ሥር መሆን አለበት። ማዳበሪያ ዩሪያ ላይ የሚቀባ ነገር ካለ ቀለሙ ይለወጣል፤ የላቦራቶሪ ደረጃ ያለው ይሻላል። ድክመቱ ቀዳዳው ደካማ መሆኑ ነው፤ ከውሃ በቀጥታ ሃይድሮክሲል ራዲካል ለመንጠቅ አቅም አይኖረውም፤ የሚሠራው በኦክስጅን በኩል ዞሮ ነው። ብርሃኑ ሰፋ፣ ጡንቻው ላላ።

ስለ «አረንጓዴ ዝግጅት» አንድ ነገር ልበል። በእንሶስላ፣ በሽፈራው ወይም በባሕር ዛፍ ቅጠል ጭማቂ ዚንክ ኦክሳይድ ማዘጋጀት ፋሽን ሆኗል። ጭማቂው ቅንጣቶቹን እንዳይጣበቁ ሊረዳ ይችላል። ዚንኩ ግን ያው ዚንክ ነው፣ የሚሟሟውም ያንኑ ያህል ነው። ሳይጋገር የቀረ የቅጠል ካርቦን ደግሞ ማቅለሚያውን ስለሚመጥ ማጽዳት መስሎ ይታያል።

መለካት፣ ወይም ራስን አለማታለል

ሜቲሊን ብሉ ለማሳያ እንጂ ለመለኪያ አይሆንም። ራሱ ብርሃን ይውጣል፣ ብቻውን ፀሐይ ላይም ይደበዝዛል፣ ኦክስጅን ባጠረበት ሳይጠፋ ቀለሙን ብቻ አውልቆ ይደበቃል፣ አየር ሲነካው ሰማያዊ ሆኖ ይመለሳል። ለጨርቃጨርቅ ፍሳሽ የሚቀርበው ሪአክቲቭ ብላክ 5 ነው፤ ጥጥ የሚቀለምበት ዓይነት፣ 597 ናኖሜትር ላይ የሚለካ። በሊትር 20 ሚሊግራም ጥሩ መነሻ ነው።

ሂደቱ፦ ማቅለሚያውና ካታሊስቱ (ብርሃን ሲያርፍበት የሚሠራው ቁስ) ጨለማ ውስጥ 30 ደቂቃ ይማሰላሉ። የሚጠፋው ቀለም በመጣበቅ የሄደ ነው፤ ከዚያ ያለው መጠን ነው መነሻ ተብሎ የሚያዘው። ከዚያ ብርሃን፤ በየ15 ደቂቃው አምስት ሚሊሊትር ይቀዳል። በማጣሪያ ማሳለፍ ካስፈለገ የመጀመሪያው ሁለት ሚሊሊትር ይደፋል፤ ማጣሪያው ራሱ ቀለም ስለሚመጥ። ሴንትሪፉጅ ይመረጣል። ስፔክትሮፎቶሜትሩ (ናሙናው የዋጠውን ብርሃን የሚለካው መሣሪያ) ላይ ከ597ቱ ሌላ 800 ናኖሜትርም ይነበብ፤ እዚያ ማቅለሚያው ምንም አይውጥም፤ ቁጥር ካሳየ ያልወጣ ናኖ ዱቄት አለ ማለት ነው። ሁለት መቆጣጠሪያዎች ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው፤ ካታሊስት ያለው ጨለማ ውስጥ፣ ካታሊስት የሌለው ብርሃን ላይ።

ጣና ዳር ብዙ ውጤት የሚያበላሸው ግን ትነት ነው። በጋ ላይ ክፍት ውሃ በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ይተናል። አንድ ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ትሪ እስከ ማታ ግማሹን ያጣል፤ ማቅለሚያው ግማሹ ጠፍቶ እንኳ ስፔክትሮፎቶሜትሩ ምንም እንዳልተለወጠ ይናገራል። መፍትሔው ትሪውን ከ20 ሊትር ታንክ ጋር በትንሽ ፓምፕ ማዞርና ታንኩ ላይ ምልክት አድርጎ ከእያንዳንዱ ናሙና በፊት በተጣራ ውሃ መሙላት ነው። ትነቱን ለመቀነስ በፖሊካርቦኔት መሸፈን ግን ትልቅ ጥፋት ነው፤ ለፀሐይ የሚበቃ ተብሎ የሚሸጠው ፖሊካርቦኔት አልትራቫዮሌቱን ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ይዘጋል። ስስ መስታወት ከ320 ናኖሜትር በታች ያለውን ብቻ ያጣል፤ የሚያስፈልገን አብዛኛው ከዚያ በላይ ነው።

በተጣራ ውሃ ጥሩ ውጤት ሲገኝ ሥራው ገና መጀመሩ ነው። ቀጥሎ ያው ማቅለሚያ በእውነተኛው ጨው ይፈተን። የሪአክቲቭ ማቅለሚያ ገንዳ በሊትር 50 ግራምና ከዚያ በላይ ጨው፣ ሶዲየም ካርቦኔት፣ ከ10 እስከ 11 የሆነ ፒኤች ይይዛል። ካርቦኔት ሃይድሮክሲል ራዲካልን አጥብቆ ይበላል፤ ማቅለሚያው ደግሞ አሉታዊ ቻርጅ ስላለው በዚህ ፒኤች አሉታዊ የሆነው የታይታኒየም ገጽ ይገፋዋል። ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል። ወደ 6 ዝቅ አድርጎ ካርቦኔቱን በአየር ማባረር ይረዳል፤ ለዚያ የሚውለው አሲድ ግን ወጪ ውስጥ ይቆጠር።

ቀለም ጠፋ ማለትም ብክለት ጠፋ ማለት አይደለም። እንደ ሪአክቲቭ ብላክ 5 ባሉ «አዞ» (azo) የሚባሉ ማቅለሚያዎች ውስጥ ያለው የሁለት ናይትሮጅን ትስስር ሲበጠስ ቀለሙ በደቂቃዎች ይሄዳል፤ የቀሩት የካርቦን ቀለበት ቁራጮች ግን ለሰዓታት ይቆያሉ፤ ከመካከላቸው ከማቅለሚያው ይልቅ መርዛም የሆኑ አሉ። ስለዚህ ሲኦዲ ወይም ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን ይለካ። ጨው የበዛበት ናሙና ሲኦዲን ከፍ አድርጎ እንደሚያሳሳት፣ ሜርኩሪ ሰልፌት መጨመር እንደሚያስፈልግ፣ ያም ሜርኩሪ በተራው ተለይቶ የሚሰበሰብ ቆሻሻ እንደሆነ አይዘንጋ።

የሐይቁ ውሃ ራሱ የሚታከም ከሆነ አስቀድሞ ደለሉ ይውረድ። በሊትር 10 ግራም አልም (ደለል የሚያጓጉል ጨው) ይሟሟል፤ ከዚህ አንድ ሚሊሊትር በአንድ ሊትር ናሙና 10 ሚሊግራም ነው። ስድስት ማሰሮ ከ10 እስከ 60 ሚሊግራም፤ አንድ ደቂቃ በፍጥነት፣ 20 ደቂቃ በዝግታ ማማሰል፣ 30 ደቂቃ ማስተኛት፤ በትንሹ መጠን ከ5 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ) በታች የወረደው ይመረጣል። የደፈረሰ ውሃ ውስጥ አልትራቫዮሌት ጥቂት ሴንቲሜትር እንኳ አይዘልቅም።

ምን ላይ ይዋል፣ ምን ላይ አይዋል

እምቦጭ በጣና ላይ ከታየበት ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ማንኛውም አዲስ ቴክኖሎጂ «ለእምቦጭስ?» ተብሎ ይጠየቃል። ለዚህ ዘዴ መልሱ አይሆንም ነው። እምቦጭን የሚመግቡት ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ናቸው፤ ፎቶካታሊሲስ፣ ይህ በብርሃን የማጽዳት ዘዴ፣ ሁለቱንም አያስወጣም። እንዲያውም በኦርጋኒክ ነገር ውስጥ ታስሮ የነበረውን ፈትቶ ፎስፌት፣ አሞኒየምና ናይትሬት አድርጎ ተክሉ በቀላሉ የሚወስደው ያደርገዋል። ፎስፌቱ ደግሞ የታይታኒየሙ ገጽ ላይ ተጣብቆ ሥራውን ያዘገያል። ለዚያ ሥራ ሐይቁ ዳር የነበረው ደንገል ይሻላል፤ ደንገሉን ነቅሎ ባዶ ያስቀረ ዳርቻ በፓነል አይካስም። ጨውንም፣ ፍሎራይድንም፣ አብዛኛውን ከባድ ብረትም አያወጣም። ለየት የሚለው ስድስት ቫለንት ክሮሚየም (መርዛማው የክሮሚየም ዓይነት) ነው፤ ኤሌክትሮኑ አሲዳማ ውሃ ውስጥ ወደ ሦስት ቫለንት ያወርደዋል፣ ያ ደግሞ ፒኤቹ ወደ 8 ሲወጣ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል። ቆዳ ፋብሪካዎች ግን ቀድሞውኑ የሚጠቀሙት ሦስት ቫለንቱን ስለሆነ ለእነሱ ማስተኛቱ ብቻ ይበቃል።

ጥሩ የሚሆነው መጠኑ ጥቂት፣ ጉዳቱ ብዙ፣ ባክቴሪያ የማይበላው ነገር ላይ ነው። የሆስፒታል መድኃኒት ቅሪት፣ የላቦራቶሪ ፍሳሽ፣ ታክሞ የወጣ የማቅለሚያ ውሃ ላይ የቀረ ቀለም። ከሁሉ ይልቅ ለጣና ቅርብ የምለው የአልጌ መርዝ ነው። ማይክሮሲስቲስ የተባለው አልጌ በሐይቁ ላይ ተመዝግቧል፤ ማይክሮሲስቲን ኤልአር የተባለው መርዙ ማፍላት አያጠፋውም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ገደብም በሊትር አንድ ማይክሮግራም ነው። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ይህን መርዝ በደንብ ይሰባብራል። ሚሊግራም ሳይሆን ማይክሮግራም ስለሆነ ከላይ የሠራነው የፎቶን ሒሳብም ይመቸዋል፤ አልጌው ራሱ አስቀድሞ በስስ ጨርቅና በአሸዋ ከተጣራ። ሳይጣራ ከገባ ብርሃኑ ሴሉን ይሰብርና በውስጡ ያለውን መርዝ ይጨምርበታል።

ለቤት መጠጥ ውሃ ከጀርም ለመከላከል ግን ናኖ ነገር አያስፈልግም። ከ30 ኤንቲዩ በታች የሆነ ውሃ ከሁለት ሊትር በማይበልጥ ንጹሕ ፕላስቲክ ጠርሙስ ለስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ፣ ደመና ከሆነ ሁለት ቀን። ፓነሉ ካለ ያፈጥነዋል፤ ከፓነሉ የወጣ ውሃ ግን እንደ ክሎሪን ጠባቂ ነገር አይዘውም፤ ጄሪካን ውስጥ ካደረ ጀርሙ ሊመለስ ይችላል።

ስለ አያያዙ የቀረውን ልጨርስ። ፓነሎቹ ሳምንት በሳምንት ቡናማ ልባስ ያወጣሉ፤ ከፊሉ ያልተቃጠለ ኦርጋኒክ፣ ከፊሉ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ከፊሉ ደቃቅ ጭቃ። የታይታኒየም ፓነል በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ 0.1 ሞላር ገደማ፣ አሥር ደቂቃ ታጥቦ በተጣራ ውሃ ይለቃለቃል፤ ቅልጥፍናው ካልተመለሰ 400 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት መጋገር የቀረውን ካርቦን ያቃጥላል። የዚንክ ፓነል አሲድ እንዳይነካው፤ ሽፋኑ አብሮ ይሄዳል። መስታወቱ በየወሩ ይመዘን፤ ከሽፋኑ የመነሻ ክብደት አሥር በመቶ ካጣ ይነሳ። የተላጠው ዱቄትና የታጠበበት ውሃ ወደ ቦዩ አይደፋ፤ ታንክ ውስጥ ተጓጉሎ፣ ደርቆ፣ ተዘግቶ ይቀመጥ። ሰኔ ሲገባ፣ ደመናው ከሐይቁ ላይ ሲከብድና ግልገል ዓባይ ሲደፈርስ፣ ፓነሉን ማስሮጥ የፓምፕ መብራት ማቃጠል ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ተነቅሎ፣ ታጥቦ፣ ተመዝኖ እስከ መስከረም መጨረሻ ይቀመጥ።